ጠጣር ነገር ጋዝን በገጹ ላይ ስለ መያዙና ለመድኃኒት ሥራ ስለሚሰጠው ጥቅም

ከሰል በአገራችን ከየቤቱ የማይጠፋ ዕቃ ነው። ቡና ይፈላበታል፤ ወጥ ይሠራበታል፤ ክረምት ሲገባ ቤት ይሞቅበታል። ይኸው ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የተኛውን ሰው ሳይሰማው እንደሚገድል ሁላችንም ሰምተናል። በሌላው ወገን ደግሞ ከሰል በተለየ ብልሃት ከተዘጋጀ በኋላ በሆስፒታል ውስጥ መርዝ ለጠጣ ሕመምተኛ ይሰጣል፤ መርዙንም ይዞ ከሰውነት ይወጣል። በጋዝ መከላከያ ጭንብል ውስጥም ገብቶ የምንተነፍሰውን አየር ያጠራል። እንግዲህ ከዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይህን ያህል መርዝ መያዝ የሚችለው ከሰል፣ ሲነድ ከራሱ የሚወጣውን መርዝ፣ ማለት ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ስለምን ሊይዘው አልቻለም?

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ እየተከተልን ጋዝ በጠጣር ነገር ገጽ ላይ የሚያዝበትን ምክንያትና ሕግ ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚያም ይኸው ሕግ ለመድኃኒት ሥራና ለሕክምና የሚሰጠውን ጥቅም በአራት ምሳሌ እናሳያለን። የኬሚስትሪን መጀመሪያ ትምህርት የተከታተለ ተማሪ ሁሉ ነገሩን ለመረዳት አይቸግረውም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ/ ምጠትና ልጥፈት

እንጀራ ላይ ወጥ ሲፈስበት ወጡ ወደ እንጀራው ውስጥ ይገባል፤ ከላይ እስከ ታችም ያርሰዋል። ይህን የመሰለውን ሁኔታ «ምጠት» እንለዋለን። በውጭ ቋንቋ «አብዞርፕሽን» የሚባለው ይህ ነው። ነጠላ በዕጣን ጢስ ሲታጠን ግን የሽታው ሞለኪውሎች በአብዛኛው የሚቀመጡት በክሮቹ ገጽ ላይ ነው። ነጠላው በሣጥን ታጥፎ ቢቀመጥ ሽታው ብዙ ቀን ይቆያል፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ግን ቶሎ ይጠፋል። ይህን ሁለተኛውን ሁኔታ በዚህ ጽሑፍ «ልጥፈት» ብለን እንጠራዋለን። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ካይዘር በ1881 «አድዞርፕሽን» የሚለውን ስም ለዚህ ሁኔታ ሰጠው። በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩትን እነዚህን ሁለት ስሞች ማደባለቅ በፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስለሆነ ልዩነታቸውን መያዝ ያስፈልጋል። ምጠት በውስጥ ነው፤ ልጥፈት በገጽ ነው።

ልጥፈት ስለምን ይሆናል? በጠጣር ነገር መካከል ያለ አተም ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም በጎረቤቶቹ ይሳባል፤ ስበቶቹም እርስ በርሳቸው ይተካከላሉ። በገጹ ላይ ያለው አተም ግን በአንድ ወገን ጎረቤት የለውም። ስለዚህ በዚያ ወገን ያልተጠቀመበት የመሳብ ኃይል ይተርፈዋል። በአጠገቡ የሚያልፍ የጋዝ ሞለኪውል በዚህ ትርፍ ኃይል ይያዛል። ሞለኪውሉ ሲያዝ እንቅስቃሴው ስለሚገታ ሙቀት ይወጣል፤ የጋዝ ልጥፈት በአብዛኛው ሙቀት አውጪ ነው የምንለው ስለዚህ ነው። እንደገና ለማስለቀቅም ሙቀት መስጠት ያሻል። ነጠላው በፀሐይ ላይ ሽታውን የሚለቅበት ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ነገር አስቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች መካከል የመድኃኒት ቀማሚዎች መኖራቸው ደስ የሚያሰኝ ነው። ስዊድናዊው መድኃኒት ቀማሚ ካርል ቪልሄልም ሼሌ በ1773፣ ጣሊያናዊው ፌሊቼ ፎንታናም በ1777 ከሰል ጋዝ እንደሚይዝ ተመለከቱ። በሩስያ አገር በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው መድኃኒት ቀማሚ ቶቢያስ ሎቪትስ ደግሞ በ1785 ከሰል ከፈሳሽ ውስጥ ቀለምን ለይቶ እንደሚያወጣ ተረዳ።

ለ/ የገጽ ስፋት

ልጥፈት የሚሆነው በገጽ ላይ ከሆነ፣ ከክብደቱ ይልቅ ዋናው ነገር የገጹ ስፋት መሆኑ ግልጽ ነው። አንድ ጠጣር ነገር በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ነው እንበል። ስድስት ፊት ስላለው ገጹ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ኪዩብ በየጎናቸው 1 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ ትናንሽ ኪዩቦች ብንቆራርጠው 1000 ኪዩቦች እናገኛለን፤ ጠቅላላ ገጻቸውም 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እስከ 1 ማይክሮ ሜትር፣ ማለት እስከ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ድረስ ብናደቀው ገጹ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ አልጨመረም፤ ገጹ ግን በ10,000 እጥፍ አደገ።

መድኃኒት የሚሆነው ከሰል ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ተራው ከሰል እንደገና ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት በውኃ እንፋሎት ሲመታ፣ እንፋሎቱ ከሰሉን ከውስጥ እየበላ ለቁጥር የሚያታክቱ ረቂቅ ቀዳዳዎችን ይከፍትበታል። ከነዚህም ብዙዎቹ ወርዳቸው ከ2 ናኖ ሜትር በታች ነው። እንዲህ የተዘጋጀው ከሰል «ንቁ ከሰል» ይባላል። የአንዱ ግራም ገጽ 1000 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሳል። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 7140 ካሬ ሜትር ነው፤ እንግዲህ 7 ግራም ንቁ ከሰል የአንድ ሜዳ ያህል ገጽ አለው ማለት ነው። ከምድጃ የተለቀመ ከሰል ቢወቀጥም ቢነፋም እነዚህ የውስጥ ቀዳዳዎች በበቂ አይኖሩትም። ስለዚህ የወጥ ቤት ከሰል የመድኃኒቱ ከሰል ምትክ አይሆንም።

ሐ/ ሁለት ዓይነት አያያዝ

ሞለኪውል በገጽ ላይ የሚያዝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ፊዚካዊ ልጥፈት ሲሆን፣ የሚይዘው ኃይል ጋዝን ወደ ፈሳሽነት የሚለውጠው ያው ደካማ የሞለኪውሎች መሳሳብ ነው። የሚወጣው ሙቀት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሞል ከ40 ኪሎ ጁል አይበልጥም፤ በቀላሉም ይለቃል። ሁለተኛው ኬሚካዊ ልጥፈት ነው። በዚህኛው በያዡና በተያዘው መካከል እውነተኛ ኬሚካዊ ማሰሪያ ይሠራል፤ የሚወጣውም ሙቀት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሞል ከ80 ኪሎ ጁል በላይ ነው። ፊዚካዊው ልጥፈት በብዙ ድርብ ሊነባበር ሲችል ኬሚካዊው ግን ከአንድ ድርብ አያልፍም።

ፊዚካዊ ልጥፈት ጋዙን ወደ ፈሳሽነት ከሚለውጠው ኃይል ጋር አንድ ከሆነ፣ በቀላሉ ፈሳሽ የሚሆን ጋዝ በብዛት መያዝ አለበት። ይህም በሙከራ የተረጋገጠ ነው። አንድ ግራም ከሰል በ15 ዲግሪ ሙቀት የሚይዘውን የጋዝ ልክ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ከየጋዙ የመፍያ ሙቀት ጋር አያይዘን ቀጥለን እናሳያለን።

ፎስጂን፦ የሚፈላው በ8 ዲግሪ፤ የሚያዘው 440
ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፦ ከዜሮ በታች 10፤ የሚያዘው 380
አሞንያ፦ ከዜሮ በታች 33፤ የሚያዘው 181
ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ ከዜሮ በታች 78፤ የሚያዘው 48
ካርቦን ሞኖክሳይድ፦ ከዜሮ በታች 192፤ የሚያዘው 9
ናይትሮጅን፦ ከዜሮ በታች 196፤ የሚያዘው 8
ሃይድሮጅን፦ ከዜሮ በታች 253፤ የሚያዘው 5

እነሆ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ከዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ተገኘ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ፈሳሽ የሚሆነው እጅግ በበረታ ቅዝቃዜ ስለሆነ ከሰል በቤት ሙቀት የሚይዘው ከተራው ናይትሮጅን ብዙም የማይበልጥ ነው። ከሰል መርዝንና መርዝ ያልሆነውን አይለይም፤ የሚለየው በቀላሉ የሚያዘውንና የማይያዘውን ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ በኤፕሪል 1915 የጀርመን ጦር በኢፕር ግንባር ክሎሪን ከለቀቀ በኋላ፣ ሩስያዊው ኬሚስት ኒኮላይ ዜሊንስኪ ንቁ ከሰል ያለበትን ጭንብል የሠራው በዚህ ጠባይ ተማምኖ ነው። ክሎሪንና ፎስጂን በከሰሉ ተያዙ። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከሰል ብቻውን ስለማይበቃ፣ ጋዙን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጥ የማንጋኒዝና የመዳብ ኦክሳይዶች ድብልቅ ማዘጋጀት አስፈለገ። በ1935 እና በ1936 የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በአገራችን ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ ደግሞ የሚፈላው በ217 ዲግሪ ስለሆነ ከሰል አጥብቆ ይይዘዋል። ነገር ግን ሠራዊታችንና ባላገሩ ጭንብሉ አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም ጭንብል ዓይንንና ሳንባን እንጂ ቆዳን አይሸፍንም፤ የሰናፍጭ ጋዝ ደግሞ ቆዳን የሚያቃጥል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙት አቤቱታ ይህንኑ ግፍ የሚያመለክት ነበር።

መ/ የላንግሙር ሕግ

ገጹ ምን ያህል ጋዝ እንደሚይዝ በቁጥር የሚያስረዳውን ቀላል ሕግ አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሙር ከ1916 እስከ 1918 ባወጣቸው ጽሑፎች አቀረበ። ስለ ገጽ ኬሚስትሪ ባደረገው ምርምርም በ1932 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

የላይብረሪያችንን የንባብ አዳራሽ በፈተና ሰሞን እናስብ። ወንበሮቹ የተወሰኑ ናቸው፤ በአንድ ወንበርም ከአንድ ሰው በላይ አይቀመጥም። በበሩ የሚገባው ተማሪ በበዛ ቁጥርና ባዶው ወንበር በበዛ ቁጥር የሚቀመጠው ይበዛል። የሚነሣውም በተቀመጠው ብዛት ልክ ነው። የሚቀመጠውና የሚነሣው እኩል ሲሆኑ የአዳራሹ ሁኔታ ሳይለወጥ ይቆያል። ይህ ማለት ግን ሰዎቹ አይለወጡም ማለት አይደለም፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተካል። ገጹ አዳራሹ ነው፤ ሞለኪውሎቹ ተማሪዎቹ ናቸው፤ የጋዙ ግፊት ደግሞ በበሩ ላይ ያለው ሰልፍ ነው።

የተሸፈነውን የገጽ እጅ «ሽ»፣ የጋዙን ግፊት «ግ»፣ በያዡና በጋዙ ዓይነት፣ በሙቀቱም የሚወሰነውን ቋሚ ቁጥር «ቋ» ብንል ሕጉ እንዲህ ይጻፋል።

ሽ = (ቋ × ግ) ÷ (1 + ቋ × ግ)

ቋ × ግ ከ1 እጅግ ያነሰ፣ ለምሳሌ 0.1 ሲሆን፣ ሽ ወደ 0.09 ገደማ ነው፤ በዚህ ወቅት ግፊቱ እጥፍ ቢሆን የሚያዘውም እጥፍ ሊሆን ይቃረባል። ቋ × ግ 1 ሲሆን ግማሹ ገጽ ተሸፍኗል። 9 ሲሆን ከ10 እጅ 9ኙ ተይዟል። ከዚያ ወዲያ ግፊቱን ብንጨምር የምናተርፈው ጥቂት ነው፤ ወንበሩ አልቋልና። ሙቀት ሲጨምር ቋ ስለሚቀንስ የተያዘው ይለቃል።

ከዚህ ሕግ ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ያዡ ይጠግባል። ሁለተኛ፣ ግፊቱ ሲወርድ ወይም ሙቀቱ ሲጨምር የያዘውን ይለቃል። ሦስተኛ፣ ሁለት ዓይነት ጋዝ በአንድነት ቢመጡ በወንበሩ ይሻማሉ፤ ቋው የሚበልጠው ጋዝ ጥቂትም ቢሆን ብዙ ወንበር ይወስዳል፤ ቋው የሚያንሰው ግን እንዲያሸንፍ ብዛት ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች የምናቀርባቸው አራት ጥቅሞች ከነዚህ ከሦስቱ የወጡ ናቸው።

ሠ/ የመድኃኒት ዱቄትን ገጽ መለካት

አንድ መድኃኒት በአፍ ከተወሰደ በኋላ ወደ ደም ከመግባቱ በፊት መሟሟት አለበት። የሚሟሟውም ከገጹ ጀምሮ ስለሆነ፣ በውኃ በቀላሉ የማይሟሟ መድኃኒት ሲልም ገጹ ይሰፋል፤ ቶሎም ይሟሟል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በልጆች ራስ ላይ ለሚወጣው ቆረቆር የሚሰጠው ግሪሲዮፉልቪን ነው። ይህ መድኃኒት እስከ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ድረስ ሲደቅ፣ ሻካራው ዱቄት የሚሰጠውን የደም መጠን በግማሽ ክብደት ያስገኛል። እንግዲህ የዱቄቱን ገጽ ሳያውቁ የመድኃኒቱን መጠን መወሰን አስተማማኝ አይደለም።

ነገር ግን በዓይን የማይታየውን የዱቄት ገጽ በምን እንለካዋለን? በጋዝ ነው። ብሩናወር፣ ኤመትና ቴለር የተባሉት ሦስት ሊቃውንት በ1938 የላንግሙርን ሕግ ወደ ብዙ ድርብ ልጥፈት አስፋፍተው የመለኪያውን መንገድ ሠሩ። ዱቄቱ በመጀመሪያ በባዶ አየር ውስጥ ከያዘው እርጥበትና ጋዝ እንዲጸዳ ይደረጋል። ከዚያ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ የናይትሮጅን ጋዝ ጥቂት በጥቂት ይለቀቅበታል። ከሚያዘው ልክ ተነሥተን ገጹን በአንድ ድርብ ለመሸፈን የሚበቃውን ናይትሮጅን በስሌት እናገኛለን። አንዱ የናይትሮጅን ሞለኪውል የሚይዘው ቦታ 0.162 ካሬ ናኖ ሜትር ስለሆነ፣ በመደበኛ ሙቀትና ግፊት የተለካ 1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ናይትሮጅን 4.35 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለምሳሌ ያህል 2 ግራም ዱቄት በአንድ ድርብ ለመሸፈን 4 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቢፈጅ፣ ጠቅላላው ገጽ 17.4 ካሬ ሜትር፣ የአንዱ ግራምም 8.7 ካሬ ሜትር ነው። ከሁለት ፋብሪካ የመጣ አንድ ዓይነት የመድኃኒት ዱቄት እኩል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ይህ አንዱ መመርመሪያ ነው።

ረ/ በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት

ብዙዎቻችን በክኒን ብልቃጥ ውስጥ «አይበላም» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት አይተናል። በውስጧ ያለው ብዙውን ጊዜ ሲሊካ ጄል የተባለው ፍርፍር ነው። የውኃ እንፋሎትም ጋዝ ነው። የሲሊካው ገጽ በአንዱ ግራም በመቶ የሚቆጠር ካሬ ሜትር ስለሆነና ውኃን የሚወዱ የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ቡድኖች ስላሉበት እንፋሎቱን ይይዛል። በእርጥብ አየር ውስጥ የክብደቱን ሲሶ ያህል ውኃ ለመያዝ ይችላል። አስፒሪንን የመሰሉ መድኃኒቶች በእርጥበት እንደሚፈርሱ የታወቀ ነው፤ የከረጢቷ ሥራ ይህን መከላከል ነው።

ዳሩ ግን ላንግሙር እንዳስተማረን ያዡ ይጠግባል። ብልቃጡ ተከፍቶ ሲያድር የቤቱ እርጥበት ሁሉ ወደ ከረጢቷ ይገባል፤ ከጠገበችም በኋላ መድኃኒቱን አትጠብቅም። ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥቶ በፌስታል መቋጠር ደግሞ ጠባቂውንና ግድግዳውን በአንድ ጊዜ መጣል ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ድረስ ከረጢቷን ከብልቃጡ አለማውጣት፣ ክዳኑንም ወዲያው መግጠም ይገባል።

ሰ/ ኦክሲጅንን ከአየር መለየት

አየር ከ100 እጅ 78 ናይትሮጅን፣ 21 ኦክሲጅን፣ ወደ 1 የሚጠጋው አርጎን ነው። ዜዮላይት የተባለው ማዕድን ሞለኪውል ብቻ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት፤ በቀዳዳዎቹም ውስጥ በኤሌክትሪክ የተሞሉ አዮኖች ተቀምጠዋል። አዮኖቹ ናይትሮጅንን ከኦክሲጅን ይልቅ አጥብቀው ይስባሉ። ስለዚህ አየር በግፊት ዜዮላይት ወዳለበት ሲሊንደር ሲገባ ናይትሮጅኑ ይያዛል፤ ኦክሲጅኑ ያልፋል። ዜዮላይቱ ሊጠግብ ሲል ግፊቱ ይለቀቅለታል፤ የያዘውንም ናይትሮጅን ወደ ውጭ ይተፋል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው ሲሊንደር ተራውን ይሠራል። በየሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚቆመው የኦክሲጅን ማጣሪያ መሣሪያም፣ ለሆስፒታል የሚሠራው ትልቁ ፋብሪካም የሚሠሩት በዚሁ በመያዝና በመልቀቅ ነው። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በዓለም በተስፋፋ ጊዜ የብዙ ሕሙማን ነፍስ በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከመሣሪያው የሚወጣው ኦክሲጅን ስለምን 100 ከመቶ አይሆንም? አርጎንም እንደ ኦክሲጅን ስለሚያልፍ ነው። ናይትሮጅኑ ሁሉ ቢያዝ እንኳ 21 እጅ ኦክሲጅንና 1 እጅ አርጎን ይቀራሉ፤ 21ን ለ22 ብናካፍል 95 ከመቶ ያህል እናገኛለን። ዜዮላይት ውኃን ከናይትሮጅን ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ እርጥብ አየር ከገባበት ወንበሩ በውኃ ይሞላል፤ የኦክሲጅኑም ንጽሕና ይወርዳል። ያለ ኤሌክትሪክ ደግሞ ግፊት የለም፤ ያለ ግፊት መያዝም የለም። መብራት በሚቋረጥበት ስፍራ ሁሉ የተሞላ ሲሊንደር በመጠባበቂያ ማስቀመጥ የግድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከሰሉ ምድጃ እንመለስ። ካርቦን ሞኖክሳይድ በከሰል ገጽ ላይ በደካማው ይያዛል፤ በደማችን ሄሞግሎቢን ላይ ግን የሚያዘው ከብረቱ ጋር በኬሚካዊ ማሰሪያ ነው። ጥንካሬውም ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ሄሞግሎቢን ጠጣር ገጽ ባይሆንም የወንበሩ ሽሚያ ግን ያው ነው። ጥቂቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ብዙውን ወንበር የሚወስደው ቋው ትልቅ ስለሆነ ነው። ሕክምናውም ከዚሁ ሕግ ይወጣል፤ ቋውን መለወጥ ስለማንችል የኦክሲጅኑን ግፊት እንጨምራለን። ተራ አየር በሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይዱ መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክሲጅን በጭንብል ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል።

በየሠፈሩ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ይህን በተለይ ልናስተውለው ይገባል። ከሰሉ ጭሱ አልቆ ፍም ስለሆነ መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ እስካለ ድረስ ይወጣል። ከሰል የነደደበትን ምድጃ በተዘጋ ቤት አስገብቶ መተኛት አይገባም። ራሱን የሚያመው፣ የሚያዞረውና የሚያስመልሰው ጓደኛ በተገኘ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ውጭ አየር ማውጣት፣ ወዲያውም ኦክሲጅን ወዳለበት የጤና ድርጅት ማድረስ ነው።

ሸ/ መርዝና ንቁ ከሰል

መርዝ በአንጀት ውስጥ ባለ ጊዜ በፈሳሽ የተሟሟ እንጂ ጋዝ አይደለም። ሕጉ ግን አይለወጥም፤ በጋዙ ግፊት ቦታ የመርዙ ብዛት በፈሳሹ ውስጥ ይገባል። ንቁ ከሰል በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ መርዙን በገጹ ይይዛል፤ ራሱ ወደ ደም ስለማይገባም ከነያዘው መርዝ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ለአዋቂ ሰው የተለመደው መጠን 50 ግራም ነው፤ ይህም የሰባት እግር ኳስ ሜዳ ያህል ገጽ ነው። ያዡ ስለሚጠግብ ከሰሉ ከመርዙ ክብደት ቢያንስ 10 እጥፍ እንዲሆን ይፈለጋል።

ከሰሉ የማይረዳበትን ማወቅ የሚረዳበትን የማወቅ ያህል አስፈላጊ ነው። ብረትና ሊቲየም አዮን ሆነው በውኃ ስለሚከበቡ፣ አልኮሎችም ትናንሽና ውኃን የሚወዱ ስለሆኑ በከሰሉ ገጽ በበቂ አይያዙም። እንደ በረኪናና እንደ ጠንካራ አሲድ ያሉት የሚያቃጥሉ ነገሮች ጉዳታቸውን የሚያደርሱት ወዲያው ስለሆነ ከሰል አይደርስባቸውም፤ የሐኪሙንም የምርመራ ዓይን ይጋርዳል። ነጭ ጋዝ የጠጣ ሕፃን ቢያስመልስ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ስለዚህ ለእርሱም ከሰል አይሰጥም፤ ለማስመለስም አይሞከርም። ራሱን የሳተ ወይም የሚያንቀላፋ ሰው ማናቸውንም ነገር እንዲጠጣ ማስገደድ ወደ ሳንባው መጨመር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ጊዜ ነው። ከሰሉ ሊይዘው የሚችለው ገና ከአንጀት ያልወጣውን መርዝ ስለሆነ በይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው። በስሪላንካ በ4632 የተመረዙ ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2008 የታተመ ታላቅ ሙከራ፣ አብዛኞቹ በፀረ ተባይና በመርዛማ ተክል የተመረዙና ሆስፒታል የደረሱት ከሰዓታት በኋላ ነበር፤ ከሰል የተሰጣቸውና ያልተሰጣቸው በሞት ቁጥር ያሳዩት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ይህ ውጤት የልጥፈትን ሕግ አያፈርስም፤ በፈተና ቱቦ ውስጥ የሚሠራ ሕግ በሰው ላይ እንዲሠራ በሰዓቱና በቦታው መገኘት እንዳለበት ያስረዳል እንጂ። ስለዚህ መርዝ የጠጣ ሰው ባለበት ቤት ወተት በማፈላለግ ወይም የምድጃ ከሰል በመውቀጥ የሚጠፋው ጊዜ ከሕመምተኛው ዕድሜ የሚቀነስ ነው። ሕመምተኛውን ከነመርዙ ዕቃ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ይበልጣል። መድኃኒት ለሚቀምሙት ጓደኞቻችንም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከሰል ለሆድ መነፋት ብሎ የሚገዛ ሰው ሌላ መድኃኒት በተመሳሳይ ሰዓት የሚወስድ መሆኑን መጠየቅ አይዘንጋ፤ ከሰሉ መርዝን ብቻ ሳይሆን መድኃኒትንም ይይዛልና።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ቋ × ግ 4 ሲሆን ከገጹ ምን ያህሉ ይሸፈናል? 0.9 እንዲሸፈን ግፊቱ በስንት እጥፍ ማደግ አለበት?

2. 3 ግራም የመድኃኒት ዱቄት በአንድ ድርብ ለመሸፈን 1.5 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ናይትሮጅን ፈጀ። የአንዱ ግራም ገጽ ስንት ነው?

3. በኦክሲጅን ማጣሪያ መሣሪያ ውስጥ አየሩ ወደ ዜዮላይቱ ከመድረሱ በፊት መድረቅ ያለበት ስለምንድን ነው?

የመጀመሪያው መልስ 0.8 እና 2.25 እጥፍ ሲሆን የሁለተኛው ወደ 2.2 ካሬ ሜትር ነው። ሦስተኛውን በንባብ አዳራሹ ምሳሌ በቃላችሁ ለጓደኛ ለማስረዳት ሞክሩ፤ ጓደኛችሁ ከተረዳው እናንተም ትምህርቱን ይዛችሁታል ማለት ነው።